ሁዳዴና ረመዳን አንድ ቀን ሲገቡ ድመታችን ምን ሆነች?

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ሁዳዴና ረመዳን እኩል ገቡ። ሰኞ ነበር። ሰው ስለ አጋጣሚው ብዙ አወራ፣ ደስም አለው። እኛ ግቢ ግን መዘዙ የወረደው ድመቷ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት የውሮ ዓመል ተገለበጠ። ቀኑን ሙሉ ለጥ ብላ ትተኛለች፣ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ትጋልባለች። ሽሮ ሲቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ጠዋት እማዬ የመኝታ ቤቷን በር ስትከፍት ደፉ ላይ የሞተ አይጥ ተጋድሞ ይጠብቃታል።

አንዷ ጎረቤት "ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ርጩባት" አለች። ታናሽ ወንድሜ "ወንድ ፍለጋ ነው" አለ። እማዬ ደግሞ "ጥጋብ ነው" ብላ ዘጋችው። ነገሩን ከሥር ከሥር ስከታተለው የወጣው ምክንያት ከሦስቱም የራቀ ነበር። ጾመኛ ቤት ውስጥ ድመት ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚያየው ነገር ስለሚመስለኝ፣ እንደሆነው ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ኮልፌ ያለ የጋራ ግቢ ነው። እኛና ኡሚ ግድግዳ እንጋራለን። ኡሚ ልጆቻቸው የሚጠሯቸው ነው፣ ግን የግቢው ሰው ትንሽ ትልቁ ኡሚ ይላቸዋል። የሁለታችንም ጣሪያ አንድ ወጥ ቆርቆሮ ነው፤ ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ውሮ ግራጫ፣ ባለ ጥቁር መስመር፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ድመት ናት። ግልገል ሆና ማገዶ ቤት ውስጥ ነው ያገኘናት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች፣ እንዳትወልድም ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ስለዚህ የወንድሜ "ወንድ ፍለጋ" ከመጀመሪያው አያስኬድም፤ እሱ ግን እስከ ፋሲካ አልተወውም።

ጤነኛ ስትሆንም ቀልደኛ ናት። ባዶ መሶብ ካገኘች ውስጡ ገብታ ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ክዳኑ ካልተገጠመ እንጀራው ላይም ለመተኛት አታፍርም። ድመት ጠባብና ዙሪያው የተከለለ ነገር ይወዳል፤ ጀርባው ሲሸፈን ነው ልቡ የሚያርፈው። ቡና ሲፈላ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ታኝካለች፣ ትንከባለልበታለች። የረከቦቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እማዬ ቡና ላይ ሆና ከሰው ጋር ወሬ ከያዘች ውሮ ቀስ ብላ ትመጣለች። አንዷን ሲኒ በመዳፏ ትነካታለች። እማዬን ታያለች። ሲኒዋን ትንሽ ገፋ ታደርጋታለች። እንደገና እማዬን ታያለች። እማዬ ወሬዋን አቋርጣ "ውሮ!" ብላ ስትጮህ እጇን ትሰበስባለች፣ የፈለገችውን አግኝታለቻ! ካልጮኸች ግን ሲኒዋ መሬት ናት። ተንኮል ይመስላል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው፣ ሲኒ ሲነካ ሰው ዞር ይላል፣ ሳይነካ አይዞርም። ይህንን ደግሞ ያስተማርናት እኛው ነን።

ወደ መጋቢት እንመለስ። የቅበላ ዕለት ውሮ ጠግባ ነው ያደረችው። ከዶሮውም፣ ከክትፎው ትርፍራፊም ደርሷታል። በማግስቱ ቤቱ ተዘጋባት ማለት ይቻላል፤ 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። እማዬ ዓሣ እንኳ በጾም አትበላም። የጾም ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ የተለየ ነው። ሰፈራችን ያሉት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም ዝግ ናቸው። በሌላው ጊዜ ለውሮ ሳንባ የምናመጣው ከእነሱ ነው። ቀረላት ማለት ነው። የሚደርሳት በሽሮ የታሸ እንጀራ ሆነ፤ እማዬ ደግሞ ለእሷ ብላ ዘይት ጨመር አድርጋ ነው የምትሰጣት፣ ጨካኝ እንዳትሏት።

ውሮ አልበላችም። ወንድሜ በሻይ ዳቦ ሊያባብላት ሞከረ፣ ስኳር ነስንሶ ጭምር። እሱም አልሠራም፣ ሊሠራም አይችልም፣ ድመት ጣፋጭ አይቀምስምና። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ድመት ጣፋጭን የሚለይበት ዘረመል የተበላሸ መሆኑን አሳይቷል። አንበሳም ነብርም ያው ናቸው። ስኳር ለውሮ አሸዋ ነው።

"ሲርባት ትበላለች" የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ለውሻ ይሠራ ይሆናል። ድመት ግን ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳይበላ ከቆየ፣ በተለይ ወፈር ያለ ከሆነ፣ የሰውነቱ ስብ ተሟሙቶ ጉበቱ ላይ ይከማችና ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድናት። የገረመኝ ግን ውሮ አለመክሳቷ ነው። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣት፣ ድዷን ገልጦ አየ፣ ሆዷን ዳበሰና "ይህቺ ድመት ሌላ ቦታ እየበላች ነው" አለ። ሳቅን። ቀጥሎ ያለው ነገር ግን አያስቅም ነበር። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት አለ ወይ ሲል ጠየቀ። ሽንኩርት የሌለው ወጥ የት አለ? ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ። ስለዚህ እምቢ ማለቷ ጥጋብ አልነበረም፣ ደግ አደረገች።

ሥጋውም ለድመት ቅንጦት አይደለም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥጋና ዓሣ ውስጥ ይገኛል፣ አተርና ሽሮ ውስጥ የለም። ሰው ሰውነቱ ይሠራዋል። ድመት የሚበቃውን ያህል መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1975 ታውሪን ያጣ ድመት የዓይኑ ብርሃን እንደሚጠፋ ታወቀ፣ በ1987 ደግሞ ልቡ ሰፍቶ እንደሚደክም ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ነው የድመት ምግብ የሚያመርቱ ድርጅቶች መጠኑን ከፍ ያደረጉት። እኛ ጋ ሱፐርማርኬት ያለው የታሸገ የድመት ምግብ ዋጋው ለየት ያለ ነው፣ እሱን ተውት። ባጭሩ ጾም ለውሮ አልተጻፈም። እማዬ ይህን ስነግራት "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ያሉት ለካ እውነታቸውን ነው" ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ "እኔ ኩሽና ግን በጾም ሥጋ አይቀቀልም" አለች። ይሄም ያስኬዳል፣ አልተከራከርኳትም።

"ሌላ ቦታ እየበላች ነው" የሚለው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የት?

ሌሊቱን ተከታተልናት። እኔና ወንድሜ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበን ተቀመጥን፤ እሱ እንደ ልማዱ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ውሮ ከሶፋ ሥር ወጣች። ወገቧን ወደ ላይ ቀስት አድርጋ ተንጠራራች፣ የኋላ እግሯን አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ከዚያ በመስኮቱ ወጥታ ቆርቆሮ ላይ ዘለለች። ኮቴዋ ከእኛ ጣሪያ ወደ ኡሚ ጣሪያ ድድድድ ብሎ ተሻገረ። ያ ሁሉ ግልቢያ መንገድ ነው ለካ! አጥሩ ላይ ወረደችና የኡሚ ኩሽና መስኮት ሥር ቁጭ አለች። መብራቱ ገና ጠፍቶ ነው። ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይቶ ውስጥ የስልክ አላርም ጮኸ፣ መብራት በራ፣ የድስት ክዳን ተንኳኳ። መስኮቱ ተከፈተና የኡሚ እጅ ወጣ።

"ሉሉዬ፣ መጣሽ?"

ሉሉ! ወንድሜ አፉን ይዞ ነው የሳቀው።

ጠዋት ኡሚን ጠየቅናቸው። ምንም አልደበቁም። ለሱሁር፣ ማለትም ጾም ከመያዙ በፊት ለሚበላው የንጋት ምግብ፣ ሲነሱ መስኮቱ ላይ ታለቅሳለች፣ ከሾርባው ሥጋ አንድ ሁለት ቁራጭ ይሰጧታል። ማታ ጾም ለሚፈታበት ኢፍጣርም ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መግቢያ ሶላት፣ በፊት ትደርሳለች፤ ሳምቡሳው ሲከፈል ሥጋውን እየመረጠች ትበላለች። "ድመት ቤት የምትዞር ናት፣ ነጃሳ አይደለችም፣ ነቢዩም ብለዋል" አሉን። ሐዲስ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ድመት ከጠጣችበት ውሃ ዉዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ፣ ማድረግ ይቻላል የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው። የእኛ ድመት መሆኗን ያውቃሉ፣ ግን የጾሙን ነገር ስለሚያውቁ አዝነውላት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልወደዱላትም፤ ዶሮ ሲሆን ከሳህን ላይ ለመንጠቅ ትሞክራለች።

ስለዚህ የግማሹ ምስጢር ተፈታ። ድመት በተፈጥሮው ንጋትና ምሽት ላይ የሚነቃ እንስሳ ነው፣ ያን ሰዓት ነው የሚያድነው። ረመዳን ደግሞ ምግብ የሚቀርበው ልክ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ነው፤ ለድመት ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ይመስላል። ውሮ ቀን የምትተኛው ስለታመመች አይደለም። ቀን ሁለቱም ቤት ምንም የለም፣ ታዲያ ተነስታ ምን ትሥራ?

አይጡ ቀረ። እማዬ አይጡን እንደ ስድብ ነበር የቆጠረችው፤ "ሥጋ ብትከለክሉኝ እኔ አመጣላችኋለሁ እያለችን ነው" ትላለች። ብዙ ሰውም ድመት አይጥ ሲያመጣ ስጦታ ነው ይላል። ድመት ያደነውን የሚያመጣው ግን ደህንነት ወደሚሰማው ቦታ ነው፤ ውሮ ደግሞ ከእማዬ በር የተሻለ ቦታ አታውቅም። ማደኑም ከረሃብ ጋር ብቻ አይያያዝም፣ ጠግቦም ያድናል። የሚበላው ነገር ግን ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት፣ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ከሥጋ የሆነ፣ እህል የሌለበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት የታደነ እንስሳ 36 በመቶ ቀንሷል። ባለቤቶቻቸው በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ 25 በመቶ ቀንሰዋል። እኛ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። ሥጋው ቀረ፣ እህል መጣ፣ አይጡ በዛ። ማጫወቱም ቀርቷል፤ በጾም ማታ ማታ ሁሉም ደክሞት ነው የሚገባው።

እስከዚህ ድረስ ተባብረን እንስቃለን እንጂ ማንም አልተጎዳም። ጣጣው የመጣው ከዒድ በኋላ ነው።

ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ዋለ። ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 27 ነው። መሐል ላይ እኛ እንጾማለን፣ ኡሚ ፈተዋል። ሱሁር የለም፣ አላርም የለም፣ 10 ሰዓት ላይ የሚበራ መብራት የለም። ውሮ ግን አልቀረችም። በሰዓቷ ቆርቆሮውን ጋልባ መስኮቱ ሥር ትደርሳለች፤ ካልተከፈተላት መጮህ ነው። እሱም ተራ ሚያው አይደለም፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የሚጎተት፣ ሕፃን የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሚያው አይባባሉም ማለት ይቻላል፣ ጩኸቱ ለሰው የተዘጋጀ ነው። በሁለት ቤት መካከል ስለሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቤት ይቀሰቅሳል። የኡሚ ልጅ የማታ ፈረቃ ሠርቶ የሚገባ ነው፣ ተማረረ። ድንጋይ ሊወረውር ሲል እናቱ ናቸው የያዙት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትተወዋለች ብዬ ነበር። ምግቡ ከቆመ ልማዱም ይቆማል ብዬ። አልቆመም፣ ባሰበት። ለምን? መልሱን ያገኘነው ኡሚ ራሳቸው ጨዋታ ሲያነሱ ነው። ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣውን የሸዋልን ወር ስድስት ቀን እየጾሙ ነበር። ስድስቱን ቀን አከታትሎ መጾም ግዴታ ስላልሆነ እሳቸው ሰኞና ሐሙስ እያደረጉት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሌሊት ሱሁር አለ፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሥጋ ይወጣል። ሌላ ሌሊት ዝም ነው። ውሮ የቀን መቁጠሪያ የላትም፣ የምታውቀው "አንዳንዴ ይሰጣል" የሚለውን ብቻ ነው።

ይሄ ደግሞ ልማድን ለማጠንከር ከሁሉ የበለጠው መንገድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስኪነር በርግብና በአይጥ ደጋግሞ አሳይቶታል። ሁልጊዜ የተሸለመ እንስሳ ሽልማቱ ሲቀር ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። አንዳንዴ ብቻ የተሸለመ ግን አይቆርጥም፣ ሽልማቱ ከቀረ በኋላም ረጅም ጊዜ ይሞክራል። ቁማርተኛን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው። በረመዳን ጊዜ ውሮ ጎረቤት ያላት ድመት ነበረች፣ በሸዋል ቁማርተኛ ሆነች። እኛም ጨምረንበታል፤ ጩኸቱ ሲመርረን አንዳንድ ሌሊት ወንድሜ ተነስቶ ሰርዲን ይከፍትላት ነበር።

እማዬና ኡሚ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተመካከሩ። እኔ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፣ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ሥጋውን ኡሚ ይገዛሉ፤ እሳቸው የሚገዙበት የሙስሊም ሥጋ ቤት ጾምም ቢሆን ክፍት ነው። ሳንባው ብቻውን አይበቃም፣ ልብም ይጨመር ተባለ፣ ልብ ታውሪን በደንብ አለው። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ጨው፣ በኡሚ ድስት ይቀቀላል። ሳህኗ የኡሚ ደረጃ ሥር ይቀመጣል። ገንዘቡን እማዬ ትሰጣለች። ይሄኛው ላይ ብቻ ተጨቃጨቁ። ኡሚ "ለድመት ብር ልቀበል?" ብለው ተቆጡ፣ እማዬም "እንግዲያው ተዪው!" ብላ ተነሳች፣ መጨረሻ ላይ ብሩን የኡሚ ትንሽ ልጅ ተቀበለና ነገሩ አለቀ።

ዋናው ሰዓቱ ነው። ውሮ የምትበላው ማታ 3 ሰዓት ብቻ፣ ሁልጊዜ፣ ማንም ይጹም ማን። ከመብላቷ በፊት ወንድሜ ገመድ ላይ ያሰረውን የዶሮ ላባ እየጎተተ ያሯሩጣታል። ድመት ካደነ ይበላል፣ ከበላ ይልሳል፣ ከላሰ ይተኛል፤ ቅደም ተከተሉን ካገኘ እንቅልፉ ይረዝማል። ሌሊት ላይ ደግሞ ምንም ነገር የለም። መስኮት አይከፈትም፣ ስሟ አይጠራም፣ ቁጣም የለም። ኡሚ ለሱሁር ሲነሱ መጋረጃቸውን ሳይገልጡ ይበላሉ። አንጀታቸው አልቻለም መሰለኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጆሮአቸው ላይ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ነው ያሳለፉት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። እንዲህ ያለ ልማድ ከመሞቱ በፊት ይብሳል፤ ያልሠራውን ነገር ጮክ አድርጎ መሞከር ነው። ውሮ መስኮቱን መቧጨር ጀመረች፣ የአበባ ጣሳ ገፍታ ጣለች፣ አንድ ሌሊት ሁለቱም ጣሪያ ላይ እየተመላለሰች ስትጮህ ከግቢው ባሻገር ያሉ ውሾች በሙሉ ተቀበሏት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ተነስቶ ይሰጣታል፤ እሷም በቂ ከጮኸች እንደሚሰጣት ትማራለች። የኡሚ ልጅ ጆሮው ላይ ጥጥ ደፍኖ ተኛ። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ አጠረ፣ ቀጥሎ አንድ ሌሊት መጥታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዝም ብላ ሄደች፣ ፋሲካ ሲደርስ ቆሟል። አይጡም ቀንሷል፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ ይጠፋል ብሎም የጠበቀ የለም።

በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። ሳህኑ የኡሚ ደረጃ ሥር የተቀመጠው ከቅበላ በፊት ነው፣ ሰዓቱም ያው 3 ሰዓት። የሌሊት ግልቢያ አንድ ሁለቴ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን የምትጣላን በሌላ ጉዳይ ነው። እማዬ ነጠላ ለብሳ ለጸሎት ስትቆም ውሮ ከኋላ አድፍጣ የነጠላውን ዘርፍ ትይዛለች። እማዬ ስትሰግድ ዘርፉ ይንቀሳቀሳል፣ ዘርፉ ሲንቀሳቀስ ውሮ ትዘላለች። ላባውን ከጸሎት በፊት ለማድረግ ሞክረናል፣ ትንሽ ረድቷል። ወንድሜ ነጠላውን አጠር አድርጊው ብሏት ነበር፣ የሰጠችውን መልስ እዚህ አልጽፈውም።